በር ስለማስከፈት

«ይቺ ልጅ ምን ዓይነት ደደብ ናት! አንድ ሰዓት ሙሉ አብሬያት ስለፋ አንዲት በር መክፈት አቃታት?»

ኢልሀም ይህን የሰማችው መታወቂያዋን ፎቶ ኮፒ ልታስደርግ ጋሽ አሻግሬ ኮምፒውተር ቤት ገብታ ተራዋን ስትጠብቅ ነው። ሐሜት መሰላትና ጆሮዋን ጣል አደረገች፤ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ስለ አንዲት ደደብ ልጅ እየተወራ የማን ልጅ እንደሆነች ማወቅ የማይፈልግ ሰው ካለ አሞታል ማለት ነው። ጎረምሶቹ ግን የሚያሙት ሰው አልነበረም። ሁለቱም ጥግ ያለው ኮምፒውተር ላይ ተደፍተው፣ አንደኛው ማውሱን ደጋግሞ እየተጫነ፣ ሌላው በጣቱ «እዚህ ጋ! እዚህ ጋ!» እያለ ነበር። በትከሻቸው ላይ አሻግራ አየች። ጠባብ ክፍል ነው። የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ አለ፤ ከሥሩ ስስ ፍራሽ ተጠቅልሏል። መስኮት የለውም፤ ከጣራው ሥር መዳፍ የምታህል የአየር ማስገቢያ ብቻ አለች። ጥጉ ላይ እጀታው ተሰብሮ በቀይ ጨርቅ የታሰረ ሰማያዊ ባልዲ ተቀምጧል። ክፍሉን ለማወቅ ደግማ ማየት አላስፈለጋትም። አምስት ዓመት ተኝታበታለች።

ጎረምሶቹ የሚጫወቱትን ጌም የሠራው ወንድሟ አህመዲን ነው። እዚሁ ቤት ጽሑፍ ይተይባል፣ ፕሪንተር ይጠግናል፣ ስልክ ላይ ፊልም ይጭናል፤ በትርፍ ሰዓቱ «ጌም እየሠራሁ ነው» ማለት ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው። ኢልሀም ጌም ሲባል ኳስና መኪና መስሏት «አላህ ይርዳህ» ብላ አልፋዋለች። ይህኛው ግን ሩጫም ተኩስም የለበትም። አንድ ክፍል ይታያል፤ ተጫዋቹ ዓይኑ የገባውን ዕቃ በማውስ ጠቅ ያደርጋል፤ አንዳንዱ ዕቃ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ይወሰዳል፣ አንዳንዱ ስለ ራሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። እንዲህ እየተባለ ከመተኮሻው ክፍል ወደ ኩሽናው፣ ከኩሽናው የቤቱ አሮጊት ሐጃ ወደምትተኛበት ክፍል፣ ከዚያ በኮሪደሩ በኩል እስከ ትልቁ የብረት በር ይደረሳል። ዓላማው አንድ ነው፤ ልጅቷን ከዚያ ቤት ማውጣት። ለግማሽ ሰዓት አሥራ አምስት ብር ይከፈልበታል።

ኢልሀም ከዐረብ አገር የተመለሰችው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ ያለ ሻንጣ፣ አንዲት ፌስታል አንጠልጥላ። ከተማው ያኔ የመሰለውን አውርቷል። ታስራ ነበር ያለ አለ፤ ወርቅ ሰርቃ ጠፍታ ነው ያለ አለ፤ ወርቁ የታለ ሲባል ደግሞ ቀብራዋለች ያለ አለ። እሷ «ኮንትራቴ አለቀ» ብላ አፏን ዘጋች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣች ለእናቷም፣ ለወንድሟም፣ ለማንም አልተናገረችም፤ በአወጣጧ ውስጥ የምታፍርበት ነገር ነበርና። አሁን ያ ቤት ከነባልዲው ለአላፊ አግዳሚው ተከፍቶ፣ እሷም ውስጡ ደደብ እየተባለች ነው። ደሟ ፈላ። ይባስ ብሎ አህመዲን ነገ ጠዋት ደሴ ላይ ለሚደረገው የወጣቶች የፈጠራ ሥራ ትርኢት ይዞት ሊሄድ ነው። ዛሬ የአንድ ትምህርት ቤት ፕሪንተር ሊጠግን አቃስታ ከተማ ሄዷል፤ አሥር ሰዓት ላይ ይመለሳል። ሲመለስ «አጥፋው» ትለዋለች፤ እሱም ያጠፋዋል። የሚሠራበት ላፕቶፕ የተገዛው በእሷ ላብ ነው፤ እምቢ አይላትም። ይህን ስትወስን ትንሽ ረጋች።

ጋሽ አሻግሬ ይህን ቤት ከመክፈታቸው በፊት ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተዋል። እሳቸው ከመዝገብ ቤት ወጡ እንጂ መዝገብ ቤቱ ከሳቸው አልወጣም። ማንኛውም ተገልጋይ አስተያየት የመስጠት መብት አለው ብለው፣ ከጌሙ ኮምፒውተር አጠገብ ባለመስመር ደብተር በሲባጎ አስረዋል፤ እስክሪብቶውንም እንዳይጠፋ በሌላ ሲባጎ ለብቻው አስረውታል። የሚጻፈውም እንደመጣ አይደለም፤ ቁጥር፣ ቀንና «ጉዳዩ» የሚል መስመር ይሟላል። ያላሟላ ሰው አስተያየቱ አይመዘገብለትም። ስለዚህ የመካነ ሰላም ወጣት ስለ ጌም ያለውን ስሜት የሚገልጸው መሬቱ እንደተወሰደበት አቤት ባይ ሆኖ ነው። ኢልሀም ሰው ሁሉ ስለዚያች ልጅ ምን እንደሚል ልታየው ፈለገችና ደብተሩን ቤት ወስዳ እንድታነብ ጠየቀች። ጋሽ አሻግሬ በዕድሜያቸው መዝገብ ከቤት አስወጥተው አያውቁም። ጥቂት አንገራገሩና አስፈርመዋት ሲባጎውን ፈቱ።

«አርባ ስምንት ቅጠል ነው ልጄ፤ ቆጥሬያለሁ» አሏት።

ቤታቸው ከመስጊዱ ቁልቁል ባለው ሰፈር፣ ሁለት ክፍል ነው። ቆርቆሮው እሷ በላከችው ብር ተለውጧል፤ ግድግዳው ግን ያው የድሮው ስለሆነ አዲስ ባርኔጣ የደፋ ሽማግሌ ይመስላል። እናቷ ኡምኩልሱም ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ፀጉር ትፈትላለች። ባናው ለማን እንደሆነ አልተነገረም። ኢልሀም ከመጣች ወዲህ እናትና ልጅ እንዲህ ናቸው፤ አንዷ ትሠራለች፣ አንዷ ትቀመጣለች፣ ስለ ዋጋ ያወራሉ። ሽንኩርት ኪሎው ስንት ገባ፣ ዘይት ጨመረ ወይ፣ የወረኢሉ በግ ዘንድሮ ለምን ተወደደ። ዋጋው ሲያልቅ ወሬውም ያልቃል። ኢልሀም ከእናቷ አጠገብ ዱካ ስባ ተቀመጠችና ደብተሩን ከፈተች።

«ቁጥር 2። ጉዳዩ፦ በር ስለማስከፈት። ከላይ በጉዳዩ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ የብረት በሩን አርባ ጊዜ ያህል ጠቅ ባደርገውም ‹ተቆልፏል› ከማለት በስተቀር ምላሽ ስላልሰጠኝ፣ እንዲከፈትልኝ ወይም ብሬ እንዲመለስልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።» «ቁጥር 9። ጉዳዩ፦ ጆግን ይመለከታል። ከኩሽና የውሃ ጆግ ወስጃለሁ። ለምን እንደሚያገለግል የሚገልጽ መመሪያ የለም።» «ቁጥር 12። ልጅቷ ከምትተክዝ እመቤቲቱን በካውያው ለምን አታቀምሳትም? ይታሰብበት።» «ቁጥር 17። አሮጊቷ ሰላት ላይ ስለሆነች ጠቅ ማድረግ ነውር ነው። ጓደኛዬ ሊነካት ሲል እጁን መትቼዋለሁ።» «ቁጥር 20። ክንፈ እባላለሁ። ጌሙ ያሳዝናል። እህቴም እዚያው ስለሆነች ሁለተኛ አልጫወተውም። ነገ እመጣለሁ።»

በክንፈ ሳታስበው ፈገግ አለች። ቁጥር ሃያ ሦስት ላይ ግን ፈገግታዋ ቆመ። አንድ ሰው ባጭሩ «የባልዲው ጨርቅ ለምን ቀይ ሆነ?» ብሎ ጠይቋል። ቀይ የሆነው የትምህርት ቤት ሻርፗ ስለነበረ ነው። እጀታው የተሰበረው በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ እመቤቲቱ አዲስ አልገዛም ስላለች በሻርፗ አሰረችውና፣ ማታ ፍራሿ ላይ ሆና ይህንኑ እየሳቀች በስልክ ድምፅ ቀድታ ወደ ቤት ላከች። የመጣው መልስ ትዝ ይላታል። «እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን፤ ክረምቱ ገብቷል፤ ጣራው ያፈሳል።» ስለ ባልዲው አንድም ቃል አልነበረበትም። በሌላ ጊዜ በአየር ማስገቢያዋ ጠዋት ጠዋት ስለምትገባው አንድ ዘለላ ብርሃን ነገረቻቸው፤ የመጣው መልስ ያው ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ የላከችው ድምፅ ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ የገባ መስሏት ኖራለች። በኋላ በኋላ የምትልከው እንዲሰሟት ሳይሆን የራሷን አማርኛ ለመስማት ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን በዚያ ስክሪን ላይ ብርሃኗ እንኳ አልቀረችም፤ በግራ በኩል፣ ልክ እንደነገረቻቸው፣ ግድግዳው ላይ አርፋለች።

«እማ፣ ያኔ የምልከውን ድምፅ ትሰሚው ነበር?»

እንዝርቱ ቆመ። ኡምኩልሱም ክሩን እንዝርቱ ላይ ጠቀለለች። 

«የመጀመሪያውን ሰምቼ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም» አለች። «ከዚያ ወዲህ አንጀቴ አልቻለም። አህመዲን ነበር የሚሰማው። ስልኩን ይዞ ጓሮ ይገባል፣ ይቆያል። ሲወጣ ‹ምን አለች?› እለዋለሁ። ‹ደህና ናት› ይለኛል። አንድ ቀን ሌላ ቃል ነግሮኝ አያውቅም።»

ያኔ አህመዲን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ኢልሀም ያንን ሁሉ ስትልክ፣ ስታለቅስ የላከችውንም ጭምር፣ ጓሮ ቆሞ የሚሰማ አንድ ልጅ እንደነበረ አላወቀችም። ሰምቶ፣ ለእናቱ «ደህና ናት» ብሎ፣ የቀረውን ሆዱ ውስጥ አስቀምጦ አድጓል። ጌሙን ሲሠራው የእሷን ጓዳ አደባባይ ያወጣ መስሏት ነበር፤ ለካ የራሱንም ሆድ ነው ያወጣው። ሰው ሰምቶኛል ብላ አሰበች፤ ደስታው ከብስጭቱ ጋር ተደባልቆ የቱ የቱ እንደሆነ ጠፋት።

ደብተሩን ልታጥፍ ስትል ዓይኗ መጨረሻው አካባቢ አንድ ገጽ ላይ ሰማያዊ የጣት አሻራ አየ። ጽሕፈቱ የጋሽ አሻግሬ ነው፤ ቃሉ ግን የእሳቸው አይደለም።

«ቁጥር 31። ጉዳዩ፦ ምስጋና። እኔ የትምወርቅ የተባልኩ የገጠር ነዋሪ፣ ዐረብ አገር ያለችውን የልጄን የብርሀንነሽን ፎቶግራፍ ላሳትም መጥቼ፣ ወንበር ስለጠፋ ከዚህ ማሽን ፊት ተቀመጥኩ። እንዳላበላሸው ፈርቼ ምንም አልነካሁም። አንዲት አሮጊት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስትሰግድ አየሁ። ስትጨርስ ለልጅቷ አንድ ነገር ትላታለች ብዬ ጠበቅኩ። ሳትጨርስ ፎቶግራፉ ደረሰልኝና ተነሣሁ። ልጄ የምታድርበትን ቤት በዓይኔ አላውቀውም ነበር፤ አሁን ጥቂት አወቅኩት። ይህን የሠራውን ልጅ እግዚአብሔር ይስጠው። ሴትዮዋ ሰላቷን ስትጨርስ ምን እንዳለቻት የሚነግረኝ ካለ፣ ቅዳሜ ለገበያ እመጣለሁ።»

ኢልሀም ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጎረምሳው ሁሉ በሩን ሲደበድብ፣ ማውስ ይዛ የማታውቅ ሴት ዝም ብላ ተቀምጣ ልኩን አግኝታዋለች። ሐጃ ሰላቷን ስትጨርስ ምን እንዳለች ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ አለች። ያቺ ሰው ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

አሥር ሰዓት ሳይሞላ ኮምፒውተር ቤት ደረሰች። ጋሽ አሻግሬ ቅጠሉን ቆጥረው ደብተሩን ተረከቡና መልሰው በሲባጎው አሰሩት። አህመዲን ከሚኒባስ ወርዶ አቧራውን ሳያራግፍ ሲገባ እህቱ ከጌሙ ፊት ተቀምጣ አገኛት። በሩ ላይ ቆመ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ልነግርሽ ነበር፣ እታለም» አለ።

«መቼ?»

«በሩን ስጨርሰው። እስከ በሩ ያለውን ሁሉ አንቺው ነግረሽኛል። በሩ ጋ ስደርስ የማውቀው አለቀ። ልጠይቅሽ ፈራሁ። ከራሴ ፈጥሬ እንዳላስገባ ደግሞ አንቺን ማማት መሰለኝ። ደስ ካላለሽ ወላሂ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

እጁን ወደ ማውሱ ሰደደ። እሱ ምንም ሳይከራከራት ሊያጠፋው ሲል ነው የልቧ ቁጣ ጨርሶ የወጣላት። እጁን ይዛ ከአጠገቧ አስቀመጠችው። ከዚያም ሁለት ዓመት ሆድ ይፍጀው ያለችውን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ነገረችው። የቤቱ ሰው ለሠርግ ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር፤ የሚመለሱት በማግስቱ ማታ ነው። እሷና ሐጃ ተቆልፎባቸዋል። ሐጃ ከአልጋዋ ተነሥታ መራመድ ካቆመች ዓመት አልፏታል፤ የምታጥባትም፣ የምታበላትም፣ ውሃ የምታቀርብላትም ኢልሀም ናት። ያን ቀን መድኃኒቷን ይዛ ስትገባ አሮጊቷ ተቀምጣ እየሰገደች ነበርና ቆማ ጠበቀቻት። ሐጃ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ሰላምታዋን ሰጥታ ስትጨርስ እጇን ትራሷ ሥር ከተተች። በመሐረብ የተጠቀለለ ፓስፖርትና አንድ ቁልፍ አወጣች። «ሂጂ፤ እናትሽ ትጠብቅሻለች» አለቻት። ያንን ብላ ወዲያው ሌላ ሰላት ጀመረች።

«እንዳልከራከራት ነው» አለች ኢልሀም። «እንዳላመሰግናትም ነው። ሰላት ላይ ያለ ሰው አይናገሩትም። ፓስፖርቱን ይዤ ሮጥኩ። በሩ ከኋላዬ ተዘግቶ ተቆለፈ። መንገዱ ላይ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ፤ ጆጉን ኩሽና ትቼዋለሁ። አጠገቧ ቢሆን እጇ ያነሳው ነበር። እስከ ማግስቱ ማታ ድረስ ያለ ውሃ ጥያት ወጣሁ። ቁልፉ በሩ ላይ እንደተሰካ ከውስጥ በኩል ቀርቷል፤ መመለስ አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች አላውቅም፣ አህመዲን። ነፃ ያወጣችኝን ሴት ውሃ ሳላስቀምጥላት።»

አህመዲን አላባበላትም፤ አብሽሪም አላላትም። ያኔ ጓሮ ቆሞ ይሰማት እንደነበረው እስከ መጨረሻው ሰማት። ጋሽ አሻግሬ ወረቀት የሚያስተካክሉ መስለው ጀርባቸውን ሰጡ፤ አንድ ደንበኛ ሊገባ ሲል «ዛሬ ኔትወርክ የለም» ብለው መለሱት፤ ለፎቶ ኮፒ ኔትወርክ ምን እንደሚያደርግ ደንበኛውም አልጠየቀ። ቆይቶ አህመዲን ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

«እና ሐጃን ጠቅ ሲያደርጓት ቁልፉን ትስጣቸው?»

«ጠቅ አያድርጓት። ከነኳት ሰላቷን ከመጀመሪያ ትጀምር። እጃቸውን ሰብስበው ይጠብቋት፤ ስትጨርስ ራሷ ትሰጣቸዋለች።»

«ልጅቷስ ምን ብላት ትውጣ?»

ኢልሀም ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚያች ሴት የምትለውን ስታዘጋጅ ነው የኖረችው፤ አሁን ሲጠይቃት ግን ከዚያ ሁሉ አንዱም አልሆነላትም።

«ምንም አትበላት። ጆጉን ሞልታ ከእጇ አጠገብ ታስቀምጥላት። ውሃውን ሳታስቀምጥ ቁልፉ ቢኖራትም በሩ አይከፈትላት።»

አህመዲን አንገቱን ደፍቶ መሥራት ጀመረ። ኢልሀም ከማዶ ካለው ሱቅ ሁለት ዳቦና ለስላሳ አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠች፤ እሱ በግራ እጁ እየበላ በቀኙ ይጽፋል። ፀሐይ ከኮረብታው ጀርባ ሳትገባ ጨረሰና ቦታውን ለቀቀላት። እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ጠበቀች። ሐጃ ሰገደች፣ ጨረሰች፣ ቁልፉን ሰጠች። ኢልሀም ኩሽና ሄዳ ጆጉን ሞላች፤ አምጥታ ከአልጋው ራስጌ አኖረችው፤ ትክክል መቀመጡን ሁለት ጊዜ አየች። ከዚያ የብረት በሩን ጠቅ አደረገች። በሩ ተከፈተ፤ ስክሪኑ በብርሃን ተሞላ። መሐሉ ላይ አህመዲን ሳያማክራት የጻፈው አንድ መስመር ነበር፤ «ደህና ናት» ይላል።

አለቀሰች፤ ሳቀችም። ጋሽ አሻግሬ መሐረብ ያቀብሏታል ሲባል ደብተሩን እስከ ሲባጎው ጫፍ ስበው አቀበሏት፤ ሥርዓት ሥርዓት ነው። ኢልሀም አፍንጫዋን ጠርጋ ጻፈች። «ቁጥር 42። ጉዳዩ፦ በር ስለማስከፈት። ተከፍቷል። ለሰማኝ ወንድሜና ለሐጃ ምስጋናዬ ይድረስ። ለወይዘሮ የትምወርቅ ቅዳሜ እኔው መጥቼ እነግራቸዋለሁ።» ጋሽ አሻግሬ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ከግርጌው «ጉዳዩ እልባት አግኝቷል» ብለው ፈረሙበት።

ቤት ሲደርሱ ኡምኩልሱም እንዝርቷን ሰብስባ ልትገባ ነበር። አህመዲን ላፕቶፑን ከዱካው ላይ አኖረና ከፈተው፤ ኢልሀም ከእናቷ ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ኡምኩልሱም ጠባቡን ክፍል አየች፣ ፍራሹን አየች፣ ባልዲው ላይ የታሰረውን ቀይ ሻርፕ አየች። የገዛችው እሷ ነበረች፤ አወቀችው። ትነሣለች፣ ፊቷን ታዞራለች ብለው ሁለቱም ፈሩ። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ፣ እጇን ዘረጋች።

«የቱን ልንካ?» አለች።

«ምንም አትንኪ፣ እማ» አለች ኢልሀም፤ የእናቷን እጅ በእጇ ይዛ። «እዚሁ አብረሽኝ ቆዪ። ሁሉንም እነግርሻለሁ።»